ከአባባ ሣጥን የወጣ የጣሊያን ጩቤ፦ እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?

ሰገባ_የሌለው፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ወልዲያ ነበርኩ። የአያቴ ቤት ሊታደስ ስለሆነ ዕቃ እያወጣን ነበር። ከአሮጌው የእንጨት ሣጥን ሥር በአቡጀዲ የተጠቀለለ ጩቤ ወጣ። ፎቶ አያይዣለሁ። እጀታው ጥቁር እንጨት ነው፣ አፎት የለውም። እጀታው ላይ ሦስት የፈረንጅ ፊደል አለ። የመጀመሪያው «ጂ» ይመስለኛል፣ ሌሎቹ በቆሻሻ ተሸፍነዋል። ቤተሰቡ ውስጥ የሚወራው አባባ ማይጨው ላይ ከአንድ የጣሊያን መኮንን ወገብ ፈትቶ የወሰደው ነው እየተባለ ነው። ይሄ ታሪክ ሳይነሳ ያለፈ በዓል አላስታውስም። ሦስት ጥያቄ አለኝ። እውነተኛ ነው? ስንት ያወጣል? ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ላጥራው?

ብረት_ለቃሚ፦
ቁም! ብርጭቆ ወረቀቱን ጣል። የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ምናለሽ_ተራ፦
ሃሃ እኔ ጋ አምጣው ወንድሜ፣ በሁለት ቀን መስታወት አደርግልሃለሁ፣ ፊትህን እያየህ ትላጭበታለህ።

ብረት_ለቃሚ፦
አትስማው። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ የጣሊያን ጩቤና ሳንጃ መሰብሰብ ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ጣሊያኖች ጩቤ ለምን እንደዚህ እንደወደዱ እንወቅ። ነገሩ የሚጀምረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1917 (እኔ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) «አርዲቲ» የሚባሉ የጥቃት ወታደሮች ተቋቋሙ። ምሽግ ውስጥ ዘለው የሚገቡ፣ ቦምብና ጩቤ ይዘው የሚሮጡ። ለእነሱ የሚሆን ጩቤ በብዛት ስላልነበረ አሮጌውን የ1870 የቬተርሊ ጠመንጃ ሳንጃ እየቆረጡ ሠሩላቸው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ አርዲቲዎች ወደ ፋሽስቱ ሰፈር ገቡ። ጥቁር ሸሚዙም ጩቤውም አብሯቸው ገባ። ሙሶሊኒ በ1923 የጥቁር ሸሚዞቹን ሚሊሺያ በሕግ ሲያቋቁም ጩቤው የመለያ ልብስ ክፍል ሆነ። ከዚያ ወዲያማ ያልታጠቀ አልነበረም። ሚሊሺያው የራሱ አለው፣ የአየር ኃይል መኮንኑ የራሱ አለው፣ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ፖሊሱ የራሱ አለው፣ ለወጣቶቹ ድርጅት ሳይቀር አነስ ያለ ተሠርቶ ነበር። አብዛኛው ለሰልፍና ለፎቶ ነው። ስለቱን ለማውጣት ማንም አልደከመበትም።

አሁን ወዳንተ ጩቤ። በፎቶው ላይ ስለቱ ላይ የማየው መስመር የፋብሪካ አይደለም። ይሄ ድንጋይ ላይ የተሳለ ነው። እውነቱን ንገረኝ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ያውቃል?

ሰገባ_የሌለው፦
እ... አዎ። አያቴ እማማ ዶሮ ስታርድበት ነው የኖረችው። ሽንኩርትም ትከትፍበት ነበር።

ብረት_ለቃሚ፦
ወይኔ።

ምናለሽ_ተራ፦
ሃሃሃሃ ሞትኩ። ፋሽስት ሽንኩርት ሲከትፍ!

ብረት_ለቃሚ፦
በሰብሳቢ ዓይን የተሳለ ጩቤ ዋጋው ይወርዳል። ግን ለእውነተኛነቱ ምስክር ነው፣ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው በዶሮ አያስረጀውም። ብቻ እባክህ፣ በምንም ነገር አትሞርደው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገህ ቀስ ብለህ ጥረገው። ቀዩ ዝገት ዘይት ከጠጣ በኋላ ራሱ ይለቃል። ጥቁር ሆኖ የተኛውን ግን ተወው፣ ያ የዕድሜው ቆዳ ነው። በባዶ እጅህ ስለቱን አትያዝ፣ ላብ ብረት ይበላል፣ ከወር በኋላ የጣትህን አሻራ ዝገት ሆኖ ታገኘዋለህ። እጀታው ላይ ያለውን ፊደል በእርጥብ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት፣ በብረት እንዳይሆን፣ አጽዳና ፎቶ ላክ።

አቡጀዲው ደግሞ ጥሩ ነበር። ብዙ ሰው ጩቤን በቆዳ አፎቱ ውስጥ ከቶ ያስቀምጣል። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ነገር ከርጥበት ጋር ሆኖ ብረቱን ይበላዋል፣ ናሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል።

የሮማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስለ ብረት አላውቅም፣ ግን ሮም ስለምኖር እሑድ እሑድ ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ እሄዳለሁ። እዚያ አሮጌ ዕቃ ዘርግተው ከሚሸጡት መሃል እንደዚህ ዓይነት ጩቤ ያላቸው አሉ፣ ግን ፊት ለፊት አያስቀምጡትም። «አለህ?» ስትለው ነው ከጨርቅ ሥር የሚያወጣው። አንዱ የእኔን መልክ አየና «ይሄ ካንቺ አገር የመጣ ነው» አለኝ። ዋጋውን ግን ለእኔ ሲል ሁለት እጥፍ ጨመረው!

ምናለሽ_ተራ፦
ፒያሳም ያለው ደላላ የእሱ ወንድም ነው።

የካቲት_12፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ስለምን እንደምትስቁ አልገባኝም። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጥቁር ሸሚዞቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገድሉ በምን ነበር? በጠመንጃ፣ በዱላ፣ በጩቤ ነው። ቤት ከነሰው አቃጥለዋል። የመንግሥታችን ቁጥር 30 ሺህ ሰው ይላል፣ በኋላ ያጠኑትም ወደ 19 ሺህ ይገምታሉ። ለሰልፍ ነው ለፎቶ ነው ያልከው ብረት ያንን ሠርቷል። ይሄን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቡና የሚጠጣ ሰው አልገባ አለኝ።

ብረት_ለቃሚ፦
ያልከው ልክ ነው። ለሰልፍ የተሠራው ሁሉ ለሰልፍ ብቻ አልዋለም፣ በዚህ አልከራከርህም። እኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የለም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያሉት፣ እያንዳንዳቸው ካርድ አላቸው፣ ከየት እንደመጡ፣ ከማን እንደገዛሁ። እንግዳ ሲመጣ አላወጣም። ባለቤቴ ደግሞ ጭራሽ ክፍሉ ውስጥ አትገባም፣ እሷ ያንተ ወገን ናት።

የካቲት_12፦
ባለቤትህ ብልህ ናት።

የሮማዋ፦
አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የዘጠና ምናምን ዓመት አሮጊት እጠብቅ ነበር፣ አሁን አርፈዋል ነፍሳቸውን ይማር። ሰገነቱን ሳጸዳ ጥቁር አፎት ያለው ጩቤ አገኘሁ። አፎቱ ላይ በትር ታስሮ መጥረቢያ የተሰካበት ያ የፋሽስቶች ምልክት አለ። የማን ነው ብዬ ስጠይቅ «የአባቴ ነው፣ አፍሪካ ሄዶ ነበር፣ ግን እሱ ወጥ ቤት ነበር የሚሠራው፣ ማንንም አልነካም» አሉኝ። ከዚያ ሌሎች ጓደኞቼን ስጠይቅ የሁሉም አሠሪ አባት ወጥ ቤት ነው የሠራው! ወይ ሾፌር ነው፣ ወይ መንገድ ሠሪ። መቼም ያ ሁሉ ሠራዊት ምግብ ሲያበስል ነበር ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ በየቤቱ ያለው ጩቤ ሁሉ ከመኮንን የተማረከ ነው። ከተራ ሶላቶ የማረከ አያት የለንም እንዴ?

ሰገባ_የሌለው፦
@የሮማዋ ኧረ የኔን አያት አትንኪብኝ ሃሃ። የሱ እውነት ነው።

ጋሽ_ጡረታ፦
ልጆች እንደምን ናችሁ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ቀን ስትሳሳቱ እጄ ይበላኛል። ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። የማይጨው ውጊያ መጋቢት 22 ቀን 1928። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27። ጥቁር ሸሚዞቹ በክፍለ ጦር ተደራጅተው ነው የመጡት፤ ስማቸውን ሳይቀር ከፓርቲያቸው በዓላት ነበር ያወጡት፣ «23 ማርች»፣ «28 ኦክቶበር»፣ «3 ጃንዋሪ» እያሉ። ስለዚህ ማይጨው አካባቢ የሚሊሺያ ጩቤ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ልጄ፣ ፊደሎቹን አጽድተህ አሳየንና እንነጋገራለን።

ብረት_ለቃሚ፦
እስከዚያው እኔ የከሰርኩበትን ልንገራችሁ፣ ሰው ይማርበት። ከስድስት ዓመት በፊት በኢንተርኔት አንድ የንስር ራስ ያለው የሚሊሺያ መኮንን ጩቤ አየሁ። ሻጩን ስም አልጠራም። ታሪኩ ሙሉ ነው፣ «ከጎንደር የተመለሰ የእንግሊዝ መኮንን ቤተሰብ» ምናምን። 900 ዶላር ከፈልኩ። ደርሶኝ ሳየው ወርቁ ቢጫ እንደ ልጅ መጫወቻ ያብለጨልጫል። በማጉያ መስታወት የንስሩን ላባ ሳየው እንደ እንጀራ ዓይን ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል። ያኔ ገባኝ። የድሮው ጠርዙ ስል ነው፣ የላባው መስመር ይቆጠራል። አስመስለው ያፈሰሱት ደንዝዞና ተነፋፍቶ ይቀራል። ይባስ ብሎ እጀታውን ስፈታ ውስጡ ያለው ብሎን ራሱ የመስቀል ጭንቅላት ያለው ነው። በ1937 ጣሊያን አገር የተሠራ ጩቤ ውስጥ የመስቀል ብሎን! የድሮው ባለ አንድ መስመር ነው። ገንዘቤን ለማስመለስ አራት ወር ጻፍኩ፣ መልስ የለም።

ምናለሽ_ተራ፦
የእንግሊዝ መኮንኑ ታሪክ ነው 850ው፣ ብረቱ 50 ነው።

አሁን ሳልቀልድ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ሰፈር ብረት የሚቀጠቅጡ ልጆች አሉ፣ ከመኪና ሞላ ምርጥ ቢላ ያወጣሉ፣ ጎበዞች ናቸው። አንዳንድ ነጋዴ ያንን ወስዶ በጨውና በኮምጣጤ ይነክረዋል፣ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «የአድዋ» ብሎ ለቱሪስት ይሸጠዋል። እንዴት ትለያለህ? ዝገቱ ሁሉ ቦታ እኩል ከሆነ ሽሽ። እውነተኛ አሮጌ ነገር እጅ የሚይዝበት ቦታ ልሙጥ ነው፣ ጥጉ ላይ ነው ዝገቱ የሚከማቸው። እንደ አሮጌ የበር እጀታ ማለት ነው።

ብረት_ለቃሚ፦
ይሄ ሰውዬ ከኔ የበለጠ ያውቃል። ሌላው ማግኔት ነው። ናስ ነው ያሉህ ነገር ማግኔት ከያዘ ናስ አይደለም፣ የተቀባ ብረት ነው። የዝሆን ጥርስ ነው ያሉህ እጀታ ደግሞ ጫፉ ላይ እርስ በርሱ የሚቆራረጥ የመረብ መስመር ከሌለው አትመን፣ ብዙ ጊዜ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። የእውነት የዝሆን ጥርስ ከሆነም ሌላ ጣጣ ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አትችልም። ማህተሙንም እይ። የቢላ ከተማቸው ማኒያጎ ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፍሪዩሊ። ብሬሻ አጠገብ ያለችው ሉሜዛኔም ብዙ ሳንጃ አውጥታለች። ቀን ካለበት ደግሞ ፋሽስቶቹ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነበራቸው፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከሮም ሰልፍ፣ ከጥቅምት 1922 የሚጀምር። በሮማ ቁጥር 14 የሚል ካየህ ከ1935 መጨረሻ እስከ 1936 ጥቅምት ማለት ነው። የወረራው ዓመት ስለሆነ አስመሳዮቹ 14ን በጣም ይወዱታል።

ደግሞ የጣሊያን ነገሥታት ቤት የሳቮያ ዘውድ አለ። በሰኔ 1946 ሕዝቡ ንጉሥ ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ዘውዱ ከመሣሪያ ሁሉ ቀረ። የመጥረቢያው ምልክት ደግሞ ሙሶሊኒ ሲወድቅ ብዙ ሰው በሞረድ ፍቆታል። ስለዚህ ጣሊያን ውስጥ ምልክቱ የተፋቀ ጩቤ ስታይ አትናቅ፣ የተፋቀበት እጅ ራሱ ታሪክ አለው።

የሮማዋ፦
ሕጉንም ልጨምር። እዚህ ሁለት በኩል ስለት ያለው ጩቤ እንደ መሣሪያ ነው የሚቆጠረው፣ ቤትህ ካለ ለፖሊስ ማሳወቅ አለብህ። ዝም ብለህ ገዝተህ በቦርሳህ ይዘህ መዞር የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ሽንኩርት መክተፊያ ነው ብትል አይሰሙህም ሃሃ።

የካቲት_12፦
ለጩቤ ሕግ አላቸው። ለግራዚያኒ ግን በፈረንጅ 2012 አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ መታሰቢያ ሠሩለት። ይሄን እያሰብኩ ነው የማነበው።

የሮማዋ፦
እውነትህን ነው። አፊሌ ከሮም ብዙ አትርቅም። ያን ጊዜ ብዙ ጣሊያኖችም ተቃውመዋል፣ ግን ድንጋዩ ተሠርቷል።

ጋሽ_ጡረታ፦
እንግዲህ እኛ አገርም ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ይሄ ጩቤ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ አንተም ደላላውም አይደላችሁም። ልጄ፣ «ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ይውሰድልኝ» እንዳትል።

ሰገባ_የሌለው፦
አልልም ጋሼ። ደግሞ አጸዳሁት! ፊደሎቹ ጂ፣ አይ፣ ኤል ናቸው። ፎቶው ይሄው። መኮንኑ ስሙ ጂል ነበር እንዴ?

ብረት_ለቃሚ፦
ኦ ወንድሜ።

ብረት_ለቃሚ፦
እሺ። ውሃ ጠጥቼ መጣሁ። ሦስቱ ፊደል የሰው ስም አይደለም። «ጆቬንቱ ኢታሊያና ዴል ሊቶሪዮ» ነው፣ የፋሽስት ፓርቲው የወጣቶች ድርጅት። ፈረንጆቹ ስካውት እንደሚሉት ዓይነት፣ ግን ከነሰልፉ ከነጠመንጃ ልምምዱ። ጩቤው እውነተኛ ነው፣ በዚህ ምንም አልጠራጠርም፣ እንጨቱም ማያያዣውም ልክ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በጥቅምት 1937 ነው፣ በእኛ 1930። ከዚያ በፊት የነበረው ባሊላ የሚባለው ነው።

ጋሽ_ጡረታ፦
ማይጨው 1928። ይሄ ጩቤ ማይጨው ላይ ሊሆን አይችልም ልጄ። ገና አልተሠራም ነበር።

ምናለሽ_ተራ፦
ደግሞ መኮንን አይደለም፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው 😅

ሰገባ_የሌለው፦
እንዴ ምን ልላችሁ ነው አሁን። አባባ ውሸታም ነበር እያላችሁኝ ነው?

ጋሽ_ጡረታ፦
በፍጹም። አያትህ ማይጨው መዝመቱ አንድ ነገር ነው፣ ጩቤው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በቤተሰብ አፍ ውስጥ ስድሳ ሰባ ዓመት አብረው ሲኖሩ ተጋቡ። አስተማሪ ሆኜ ይሄን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ብረቱ የሚለውን ነው የሚለው፣ ሰው ደግሞ የወደደውን ያስታውሳል። ወልዲያ ለደሴ ቅርብ ናት። ደሴ ላይ ብዙ ጣሊያን ሰፍሮ ነበር፣ ሚስትና ልጅ ይዞ የመጣም ነበረበት። ሚያዝያ 1933 ደሴ ተያዘች፣ በወሩ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጅ ሰጠ፣ ጎንደር ኅዳር 1934። ከዚያ በኋላ እንግሊዞቹ ሲቪሉን ጣሊያን ሰብስበው ሴቱንና ልጁን በመርከብ ወደ አገሩ መለሱት። ሰው አገር ለቆ ሲሄድ ዕቃ ይሸጣል፣ ይጥላል። እስቲ ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ጠይቅ። «የት ነው የተማረከው» ብለህ ሳይሆን «አባባ ይሄን መቼ አመጣው» ብለህ።

የሮማዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ያለ አስተማሪ ቢኖረኝ ሮም አልመጣም ነበር።

ብረት_ለቃሚ፦
ዋጋውን ለጠየቅከው፣ አፎት የሌለው፣ በዶሮ የተሳለ የወጣቶች ጩቤ ገበያ ላይ ብዙ አያወጣም። ከመኮንን ጩቤ ጋር አይወዳደርም። አትሽጠው። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ነው ይሄን የምልህ፣ ብትሸጥልኝ የምገዛህ ሰው። እኔ ካርዱ ላይ የምጽፈው «ወልዲያ፣ ወጥ ቤት» የሚል ብቻ ነው፣ የቀረው አንተ ጋ ነው ያለው።

የካቲት_12፦
ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰብሳቢ ጋር ተስማማሁ።

ሰገባ_የሌለው፦
ተመለስኩ። ለእትዬ ደወልኩላት፣ የአባባ ታላቅ ልጅ ናት፣ ሰማንያ አምስት አልፏታል፣ ጆሮዋ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ነገር አትረሳም። ጋሼ እንዳሉኝ ነው የጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እሷ ገና ሕፃን ነበረች፣ ግን እናቷ በኋላ እያሳቀች ነግራታለች። አባባ ደሴ ገበያ ወርዶ ነበር፣ ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ። አንዲት የጣሊያን ሴት ልጆቿን ይዛ ዕቃዋን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ትለውጣለች፣ ብር አትፈልግም፣ የሚበላ ነው የምትፈልገው። አባባ በአንድ ዶሮና በእንቁላል ለውጦ አመጣው። ማይጨው ግን ዘምቷል፣ ከማይጨው ያመጣው ነገር ቢኖር እግሩ ላይ ያለው ጠባሳ ነው አለችኝ። ጠባሳውን እኔም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በጣቴ ነክቼዋለሁ፣ ግን ማንም ስለሱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ጩቤው ነበር የሚወራው።

«ታዲያ ማይጨው ያላችሁት ለምንድን ነው?» ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ «አንተ ብትሆን ለእንግዳ በዶሮ ለወጥነው ትላለህ?»

የሮማዋ፦
😂😂 እትዬን ሳሙልኝ።

ጋሽ_ጡረታ፦
ዛሬውኑ ቁጭ ብለህ ጻፈው ልጄ። በእሷ አነጋገር። ስትስቅ ስቃለች ብለህ ጻፍ። ስልክህ ድምፅ ይቀዳ የለ? ቅዳት።

ሰገባ_የሌለው፦
ቅዳሜ ወልዲያ እሄዳለሁ ጋሼ። እቀዳታለሁ። ጩቤውንም ወደ አቡጀዲው መልሼዋለሁ።

ምናለሽ_ተራ፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። ስንት እንቁላል?

ሰገባ_የሌለው፦
እሱን አስታውሳለች። አሥራ ሁለት። አንዱ ተሰብሮ ሴትየዋ ሌላ አስጨምራዋለች።